የሚስቀው የራስ ቅል

ለታላቅ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? በዝናቡ ሰሞን የሚያምሽ ግራ ትከሻሽስ ተሻለው? የፋብሪካው አለቃችሁ ወንበሩን ለወጠልሽ ወይስ አሁንም በዚያ አንድ እግሩ ባጠረው ላይ፣ ካርቶን አጥፈሽ እያስደገፍሽ ነው የምትሰፊው? እኔ እንደ ወጉ «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ልልሽ ብዕር አነሳሁና ተውኩት። አካሌስ ደህና ነው፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ፊቴን የማሳይበት ቦታ ነው ያጣሁት።

ከሃያ አምስቱ ቲሸርቶች መሀል አጥፈሽ ያስቀመጥሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለት ነገር አለበት። አንደኛው «ለመሆኑ ይህ የምትጮኹት ሙዚቃ ስንት ያስገኝላችኋል?» የሚለው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠይቂኝ፣ እኔ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ «ተይው እባክሽ» እያልኩ ሳልፈው ኖሬያለሁ። ሁለተኛው ከታች ያለችው መስመር ናት። «ልብሱን የገዙትን ሰዎች በሙቅ ውሃ እንዳያጥቡት ንገራቸው፣ ነጩ ጨርቅ ይሸበሸባል» ትላለች። እታለም፣ እኔ እኮ ቲሸርቶቹን ለአድማጭ በነፃ ነው የምናድለው ብዬሽ ነበር። ያቺን መስመር ሰባት ጊዜ አነበብኳት። የት እንዳየሽ፣ ማን እንደነገረሽ አልጻፍሽም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ደርሶብኛልና ጥያቄሽን ልመልስ።

ሄቪ ሜታል የሚባለው ይህ ጩኸታችን ሠሪውን አያበላም። ባለፈው ዓመት ዘፈኖቻችን በኢንተርኔት ዘጠና ሺህ ጊዜ ተደምጠዋል። ቁጥሩን ያየሁ ቀን እኔም ሀብታም የሆንን መስሎኝ ነበር። የመጣልን አራት ሺህ አንድ መቶ ብር ነው። ለአራት ስንካፈለው ለያንዳንዳችን ሺህ ሃያ አምስት ደረሰን፣ እሱም የጊታር ክር ሁለት ጊዜ ቢያስቀይር ነው። መድረክ ላይ ስንወጣ ደግሞ ከመግቢያው ግማሹን የአዳራሹ ባለቤት ይወስዳል፣ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ አለ፣ ዕቃ የሚጭነው መኪና ነዳጅ አለ። ባለፈው ወር ሁለት መቶ ሰው ፊት ተጫውተን ሺህ ዘጠኝ መቶ ተረፈን፤ እሱንም ከበሮ መቺያችን በዱላው የሰበረው ማይክሮፎን በላው።

እነዚህን ልጆች አታውቂያቸውም። ከበሮ መቺውን «ቀስ በል» ነው የምንለው፣ ሁሌ ስለሚፈጥን። ቀን ጎማ ይጠግናል፤ የምንለማመደውም ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጠን ነው። መድረክ ላይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኸው ዘፋኛችን፣ ቀን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ሰውን «ዝም በሉ» እያለ ይውላል። ባስ ጊታር የሚጫወተው ረጅሙ ደግሞ መድኃኒት ቤት ተቀጥሯል። አንዳቸውም በሙዚቃው አይኖሩም። ሁሉም ከኪሱ እየከፈለ ነው የሚጮኸው።

«ታዲያ አንተስ በምን ትኖራለህ?» ማለትሽ አይቀርም። ባንቺ ነው የምኖረው።

መጀመሪያ ያንን አስፈሪ የራስ ቅል ሥዬ ልኬልሽ፣ ከነጭ ጨርቅ ቆርጠሽ ጥቁር ቲሸርት ላይ ስፊልኝ ስልሽ፣ «በስተርጅና መቃብር ቆፋሪ ልታደርገኝ ነው?» ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ሰፋሽው። ጥርሱ ጋ ስትደርሺ ጨርቁ ተሳበብሽ ወይም ክፉ ፊት መሥራት አልሆነልሽ እንደሁ እንጃ፣ አፉ ወደ ላይ ታጠፈና የራስ ቅሉ ሳቀ። ልጆቹ ሲያዩት ተንከተከቱ። ቀስ በል «ይሄ የጥርስ ሐኪም በር ላይ የሚለጠፍ ነው» አለ። ልንመልሰው ነበር። ግን ሌላ ስላልነበረን የላክሽልንን አሥራ ሁለት ቲሸርት ይዘን ወጣን፣ ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ አለቁ። አሁን በአንድ ዝግጅት አርባ እንሸጣለን። ዘፈናችንን ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ ይገዛዋል። አንዲት ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ ለልጅ ልጇ ገዝታ፣ በዓመቱ ሌላ ልትጨምር ስትመጣ፣ ለካ ትዘፍናላችሁም እንዴ ብላ ጠይቃናለች።

አንዱን የምንሸጠው በስድስት መቶ ነው። ጨርቁ መቶ ሃምሳ ይፈጃል። ለስፌት ከባንዱ ሣጥን ሁለት መቶ ሃምሳ ይወጣል። አዎ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ላንቺ የምልክልሽ ስልሳ እንደሆነ እኔም አልጠፋኝም። ልጆቹን ፋብሪካ ነው የሚሰፋልን ብዬ አሳምኛቸዋለሁ። የ«ፋብሪካውን» ይሰጡኛል፣ ላንቺ ስልሳዋን እልካለሁ፣ መቶ ዘጠናው እኔ ኪስ ይቀራል። አንቺን ደግሞ ሙዚቃው ነው ገቢያችን፣ ቲሸርቱ ስጦታ ነው እያልኩ አስተኛሁሽ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በናንተ መሀል ሦስት ዓመት ቆምኩ። ከአራታችን በዚህ ባንድ የበላሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ከጊታሬ ሳይሆን ከጣትሽ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ፋብሪካው ውስጥ ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛሽ በገበያው መንገድ ላይ መስኮት ያለው ክፍል አግኝታ፣ ተጋርተን የራሳችንን ስፌት ቤት እንክፈት ብላሽ ነበር። ድርሻሽ አርባ አምስት ሺህ ነው፣ በእጅሽ ያለው ሃያ ሰባት። አሥራ ስምንቱን ከሙዚቃው ገቢ እንዳበድርሽ ጻፍሽልኝ። ደብዳቤው ውስጥ «እባክህ» የሚል ቃል ሁለት ቦታ ነበረ፤ አንቺ ደግሞ ለማንም እባክህ የምትይ ሰው አልነበርሽም። እኔም ዘንድሮ ሙዚቃው ቀዝቅዟል ብዬ መለስኩልሽ። እርግጥ ሙዚቃው ሞቆም አያውቅ። ግን ያን ቀን አልጋዬ ሥር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ሠላሳ አንድ ሺህ ነበረኝ፣ ያውም አንቺው የሰፋሽው። አዲስ ጊታር አምሮኝ ነበር፤ ገዛሁት።

ጓደኛሽ ሌላ ሰው አገኘች። አንቺም ወደ አርባ የስፌት መኪናዎች መሀል፣ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ወደምትሰፊበት ቦታሽ ተመለስሽ። ይባስ ብለሽ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካል፣ አንተ ብቻ አትጨነቅ ብለሽ አጽናናሽኝ። ያንን ወረቀት ደግሜ ማንበብ አልቻልኩም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ እንዲህም ይዥጎረጎራል እንዴ እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ለልምምድ ስንሰበሰብ፣ ጊታሬን ከሽፋኑ ሳላወጣ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ዘፋኙ በዚያ በቀን ድምፁ፣ ስንት ቲሸርት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስምንት መቶ ስልሳ አልኩት። ረጅሙ ተነሥቶ ወጣ። ቀስ በል፣ ያ ሁሌ የሚጣደፈው ሰው፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። አምና የጭነት መኪናችን ሲበላሽ ሞተር ብስክሌቱን ሸጦ እንዳሠራው አስታወሰኝ። እኔ ያኔ የማዋጣው የለኝም ብዬ እንደነበርም ጨመረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ስለ ሰፊዋ ጠየቁኝ፣ ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትሠራ፣ ያንን ሳቅ ሆን ብላ ነው ወይ የሰፋችው አሉኝ። ስምሽን ስነግራቸው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል አንድም ቀን ጠርቼው እንደማላውቅ ታወቀኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሠላሳ ስምንት ሺህ አለ። ሃያ ስድስቱ ጊታሩ ተሽጦ ያወጣው ነው፣ ቀሪው ካርቶን ውስጥ የተረፈ። የወሰድኩብሽ በጠቅላላው መቶ ስልሳ ሦስት ሺህ አራት መቶ ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረኛል። ከሰኞ ጀምሮ የወለል ሴራሚክ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አወርዳለሁ። ደሞዙ በወር ዘጠኝ ሺህ ነው፣ ግማሹን እልክልሻለሁ። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ስትጠይቂኝ ስንት እንደሆነ ልነግርሽ እችላለሁ።

ከእንግዲህ የስፌቱ ሁለት መቶ ሃምሳ በቀጥታ ላንቺ ይደርስሻል። ጨምሩ ማለት ከፈለግሽም የቀስ በልን ስልክ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። አታፍሪ፣ ያላንቺ ልብስ የአንድ ወር ኪራይ አይከፍሉም። እሽጉን ለአውቶቡሱ ረዳት መስጠት ተዪ። በኔ ቦታ ጊታር እንዲጫወት ያስገቡት አንድ ቀጭን ልጅ ራሱ እየመጣ ይወስዳል። እጁ ፈጣን ነው፣ በአራት ቀን ዘፈኖቹን ሁሉ ይዟቸዋል፤ ከኔ ይሻላል። ለሱም አንድ ስፊለት፣ መድረክ ላይ ይለብሰዋል፣ ትንሹ ልክ ይበቃዋል። ዓይን አፋር ቢጤ ነው አሉ፣ ቁጭ በል ካላልሽው ቆሞ ነው የሚጠብቅሽ።

አንድ የቀረኝ አለ። እህቴ መሆንሽን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። የኔ ነውር አንቺን እንዳይነካሽ ብዬ ነው ልልሽ ነበር፤ እውነቱ ግን የገዛ እህቱን ሰረቀ መባሉን ልችለው አልቻልኩም። ስለዚህ ልጁ ሲመጣ፣ ያንን ሌባ ታውቂው ነበር ወይ ብሎ ከጠየቀሽ፣ መልሱ ያንቺ ነው። አላውቀውም ብትይም አልቀየምሽም።

ዓይንሽን ያቆይልኝ። መርፌ ጣትሽን አያግኘው። የደከምሽበት ለሌላ ሰው ሲሳይ አይሁን።

ካልካድሽኝ፣
ታናሽ ወንድምሽ