የማቅለሚያው አለቃ ጓንት

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በላይነህ፣ አንበሳሜ።

«ሥራ አለ ይምጡ ያልከኝ አንተ፣ አይምጡ ብለህ የላክህብኝም አንተ፤ ምን ነካህ?» ሳይሉ እንዳልቀሩ አውቃለሁ። እውነትዎን ነው። ምክንያቱን በነጋዴ አፍ መላክ ስለከበደኝ ነው።

ቅኔ ቤት ጨርሼ፣ የጣልያንን ቋንቋ ለምጄ በጣልያኑ ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት በአስተርጓሚነት ስገባ እንዴት እንደ ፈነደቅሁ ያስታውሳሉ። ይህን ጥበብ ቀስሜ የራሴን ማቅለሚያ ቤት እከፍታለሁ እያልሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ቀለሙ የሚሠራው ከበርሜል ከሚቀዳ ዘይት መሳይ ፈሳሽ ነው፤ ሲቀዳ እንደ ጠጅ ቢጫ ነው፣ ቆይቶ ይጠቁራል። ሠራተኞቹ ሙላቴና ዘውዱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው እየነከሩ ያማስሉታል። ጣልያኑ አለቃ ግን በጠራራ ፀሐይ እንኳ የጎማ ጓንቱን አያወልቅም። እኛ ጥቁር ተጸይፎ ነው እያልን ስንስቅበት ከረምን። «ሚስቱንም በጓንት ሳይሆን አይቀርም የሚያቅፋት!» ይላል ዘውዱ። የሠራተኛው ከንፈር ሰማያዊ እየመሰለ ሲጠቁርም ቀለም ነክቶት ነው አልን፤ ታጥቦ ግን አይለቅም።

ባለፈው ዓርብ ሙላቴ ሊሸና ከጓሮ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ዘውዱ መች ያስቀምጠዋል!

«ምነው ሙላቴ፣ ጨብጥ ያዘህ እንዴ? ከጨረቃ ፊት ቆመህ ሸንተህ ይሆናል!»

ሰው ሁሉ ይስቃል ስል አንድም የሳቀ የለም። የዘውዱም ሳቅ አፉ ላይ ቀረ።

«ደም ነው» አለ ሙላቴ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሰነበተብኝ።»

«የእኔም» አለ ዘውዱ ቀስ ብሎ።

ከወዲያ ሌላው፣ ከወዲህ ሌላው፣ «የእኔም» አለ። ጋሼ፣ ለካ ሁሉም ነውር መስሎት፣ ሚስቴ ምን ትለኛለች እያለ፣ እየብቻው ከቁጥቋጦ ጀርባ ሲደብቀው ኖሯል!

ወደ አለቃው ሮጥሁ። «ጌታዬ፣ ሰዎቹ ደም እየሸኑ ነው» ብዬ በገዛ ቋንቋው ነገርሁት። ምን ሆነው ነው አላለኝም። አልደነገጠምም። ጓንቱን ወደ ክርኑ ሳብ አደረገና፣

«ከአሁኑ?» አለኝ።

ይኸው ነው። እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ ጋሼ! ጓንቱ የተጸየፈው እኛን አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህች ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አለቃው ሥራው ሳያልቅ ማንም እንዳይወጣ ብሎ በር ላይ ዘበኛ አቁሟል። በመጪው እሑድ ግን ለቅዳሴ ሲለቁን በዚያው ወጥተን እንቀራለን፤ ተመካክረናል። ሙላቴ መራመድ አቅቶታል። ስለዚህ ወደ ማቅለሚያው ቤት ድርሽ ሳይሉ፣ በቅሎዋን ይዘው ጋፋት ላይ ይጠብቁን። ወንዛዬ ፍል ውኃ እናደርሰዋለን፤ ያድነው እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም ብሎ ከማየት ግን ይሻላል። እኔ ገና ብዙ የማስበው አለ፤ በዚህ ቤት አልቀርም።

የአባቶቻችን አምላክ ቤትዎን ይጠብቅ፣ ከብትዎን ያርባ፣ መንገድዎን ያቅና።

ይህን የሚያደርስልዎ ዲያቆን ተክሌ የእኔም ከንፈር መጥቆሩን አይቷልና ይነግርዎ ይሆናል። ለእምዬ ግን ቀለም ነው ይበሏት። «እመጣለሁ» የምትል አንዲት ቃል በእሱው ይላኩብኝ፤ እሷን እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ
ይርጋ