ከብረቱ በር ወዲያ

የቤቴ እመቤት፣ የዘመኔ ባልንጀራ፣ አስካለ ሆይ፤

ከተለያየን ስምንተኛው ክረምት ገባ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ብዕር አንስቼ አንድ መስመር ስንኳ ያልጻፍሁልሽ የምነግርሽ ነገር አጥቼ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተማሪዎችን ድርሰት ሲያርም የኖረ የአማርኛ መምህር የራሱን ኀዘን በወረቀት ላይ አስፍሮ ማየት እንደ ድፍረት ሆኖበት፣ ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ልጽፍልሽ የምሻው ነገር ሌላ ሰው ቢያነበው የሚያስቅ መስሎ ስለታየኝ ነው። ዛሬ ግን ቤቱን ለቅቄ የምወጣበት ቀን ስለተቃረበ፣ አንቺ የምታውቂው ጣራ ገና ከራሴ በላይ ሳለ፣ አንቺ በምታውቂው ወንበር ላይ ተቀምጬ ልነግርሽ ወደድሁ።

ካዛንቺስ ትተሻት የሄድሽው ካዛንቺስ አይደለችም። ከእኛ በታች ያለው መንደር ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በአጥሩም ላይ ወደፊት የሚቆመው የመስታወት ሕንፃ ሥዕል ተለጥፎበታል። ወደ ኡራኤል ስንወርድ ሰላምታ የምንለዋወጣቸው ጎረቤቶቻችን አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተበትነው፣ አሁን የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆኗል። በመስቀል አደባባይ በኩል ባቡር ይሄዳል። አንድ ቀን በስታዲየም አጠገብ ቆሜ ከአናቴ በላይ በድልድዩ ሲያልፍ ሳየው፣ አጠገቤ ብትኖሪ፣ በቴሌቪዥን የምታሯሩጪውን ትንሽ ሰው አስበሽ «የጌሙ ሰውዬ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተሳፍሮ ቢሆን ይሄን ጊዜ ደርሶ ነበር» ትይ እንደነበር አስቤ፣ ሰው እያየኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሁሉም ያልተለወጠው መብራት ነው፤ ዛሬም እንደ ልማዱ ሳይናገር ይሄዳል።

የእኛም ቤት ተራው ደርሶ፣ እንድንለቅ ከተነገረን ሰነባብቷል። ለእኔ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለጉልበቴ የሚስማማ አይደለም፣ ነገር ግን አላማርርም። ዕቃውን ሁሉ ጠቅልዬ ጨርሻለሁ። እስካለፈው እሑድ ድረስ ከሶኬቱ ያልነቀልሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የአንቺ ጥቁር የጌም ማሽን ነው።

ያ ማሽን ወደ ቤታችን የገባበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንቺ ዕድሜሽን በሙሉ በመሥሪያ ቤትሽ የኃላፊዎችን ደብዳቤ ስትተይቢ ኖረሽ፣ ኮምፒውተር ሲገባ የጽሕፈት መኪናሽ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ አንቺም ጡረታ ገብታችሁ ነበር፤ ጣቶችሽ ግን ጡረታ መውጣታቸውን አልሰሙምና፣ ምሳ በልተን ስንቀመጥ በጠረጴዛው ላይ የሌለ ቁልፍ ሲመቱ አያቸው ነበር። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍላችንን ተከራይቶ ጌም ቤት የከፈተው ሲሳይ ደግሞ፣ በሲዲ የሚሠራው አዲሱ ማሽን መጥቶ ደንበኞቹ ሁሉ ወደዚያ ስላዘነበሉ፣ ካሴት ከላይ የሚሰካበትን አሮጌውን ከነጆይስቲኩ ታቅፎ መጥቶ «እትዬ አስካለ፣ ይቺ ለእርስዎ ትሁን፤ እኔ ጋ ከእንግዲህ ዞር ብሎ የሚያያት የለም» አለሽ። አሮጌ ዕቃ ለአሮጌ ሰው መስጠቱ መስሎኝ ቅር ሳይለኝ አልቀረም። አንቺ ግን ጆይስቲኩን እንደ ሕፃን ተቀበልሽው።

ሲሳይ አጠገብሽ ቆሞ ያስተማረሽን ትምህርት ያህል አንድም ቀን በክፍል ውስጥ አላስተማርሁም። ትንሹ ሰውዬ ጎራዴውን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ፣ ከዛፍ ላይ የሚዘልሉበትንም ከጉድጓድ የሚወጡበትንም ሲመልስ፣ ሲሳይ ለታላቅ የሚገባውን አክብሮት ሳያጓድል «እትዬ፣ ይዝለሉ! ኧረ ከኋላዎ መጣ! ይምቱት እንጂ፣ ምን ያዩታል! በቃ፣ ላይፍ ጨረሱ!» እያለ ይጮኻል፤ አንቺም ዓይንሽን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅይ «ቆይ አንተ፣ አታጣድፈኝ! ሚኒስትሩ ስንኳ እንደዚህ አላጣደፉኝም!» ትይዋለሽ። እኔ ከመጽሐፌ ቀና ብዬ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ነፍስ የሚሰጥ መጽሐፍ በብሉይም በሐዲስም አለማየቴን ስነግርሽ፣ «ለዚህ እኮ ነው መጽሐፍህን ዘግተህ እዚህ የምትቀመጠው» ብለሽ መለስሽልኝ። እውነትም ዘግቼ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላችን ሁሉ እንዲህ ሆነ፤ አንቺ ትዋጊያለሽ፣ እኔ ደግሞ የሚመጣብሽን አይቼ እናገራለሁ።

በየመንገዱ መጨረሻ የሚቆመውን ግዙፍ ጠላት ልጆቹ «ቦስ» ሲሉት፣ አንቺ ቃሉን ቃል በቃል ወስደሽ በአለቆችሽ ማዕረግ ሰየምሻቸው። ጫካው ውስጥ በሰንሰለት የሚመታው የመዝገብ ቤት ኃላፊው ሆነ፤ ዋሻው ውስጥ እሳት የሚተፋው የአስተዳደር ኃላፊው፤ በበረዶው ተራራ ላይ ሁለት ራስ ያለው ደግሞ ዋናና ምክትል ሥራ አስኪያጆች። አንዱን በጣልሽ ቁጥር «ፊርማቸውን አገኘሁ» ትዪ ነበር። የቀረው ምሽጉ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ሰው ነው፤ እሱን «ሚኒስትሩ» አልሽው፤ ሲሳይ በወሬ ከነገረን ከብረቱ በር ወዲያ እንደሚኖርም እርግጠኛ ነበርሽ።

ያ ጌም ከሌሎቹ ሁሉ የሚከፋው የደረሱበትን ቦታ የሚያስቀምጥበት መላ ስለሌለው ነበር፤ ማሽኑ የጠፋ እንደሆነ የመጡበት መንገድ ሁሉ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ጫካ ይጀመራል። ስለዚህ የራሳችንን ብልሃት አበጀን። በመሸ ጊዜ የማቆሚያዋን ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ እናጠፋለን፣ ማሽኑ ግን ቀይዋን መብራቱን አብርቶ ያድራል፤ አዳፕተሩ በግሎ እንዳይቃጠል እኔ በዕብነ በረድ ቁራጭ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላሽን ሳታወልቂ መጀመሪያ የምታዪው መብራቷን ነበር። መብራት የሄደ እንደሆነ ቤታችን በማንም የማያሳብቡት ኀዘን ይገባበታል፤ አንቺ ግን «በል እንግዲህ፣ ከመዝገብ ቤት እንጀምር» ትያለሽ።

ሆስፒታል የገባሽ ዕለት ጠዋት፣ ታክሲው ከበር ቆሞ ጥሩንባውን ሲነፋ፣ አንቺ ሕመሙ ወገብሽን ይዞሽ እያለ ከብረቱ በር ፊት ደርሰሽ ነበር። በግራና በቀኙ ችቦ የሚነድድበት፣ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት ያ ትልቅ በር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታችን ቆመ። ልትገቢ ትችይ ነበር፤ እኔም ግቢ ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን ማቆሚያዋን ተጭነሽ «እንዲህ ተቻኩሎ ሚኒስትር ዘንድ አይገባም፤ ስመለስ ፀጉሬን ተሠርቼ ነው የምገባው» ብለሽ ሳቅሽ፤ ሳቁ ሕመሙን ቀሰቀሰብሽና በክንዴ ተደግፈሽ ወጣሽ።

አልጋሽ አጠገብ በመጣሁ ቁጥር ከጤናሽ አስቀድመሽ የምትጠይቂኝ አንድ ቃል ነበር፤ «አለች?» ትይኛለሽ፣ ቀይዋን መብራት ማለትሽ ነው። «አለች» እልሻለሁ። አጠገብሽ የተኛችው ሴትዮ ስለ ታመመች እናት የምናወራ መስሏት እግዜር ይማርልሽ ስትልሽ፣ አሜን ብለሽ ተቀበልሻት። በእነዚያ ቀናት መብራት አንድ ጊዜ ስንኳ አልሄደም፤ ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። በመጨረሻ ባየሁሽ ቀን ድምፅሽ ደክሞ «አንዲት በር ናት የቀረችኝ» አልሽኝ፤ ፊትሽ ላይ ግን ሥራውን ሊጨርስ የተቃረበ ሰው ዕረፍት ይነበብ ነበር። ቀይዋ መብራት ያን ጊዜም በርታ ነበር። ቃሌን አላጠፍሁብሽም ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ቴሌቪዥኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ለቅሶ ደራሽ ሞልቶበት ነበር። የኀዘን ቤት ሆኖ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም እንደማይከፈት አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሥርዓት ነው፣ ማንም ሊወቀስበት አይገባም። እህትሽ ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ሬዲዮኑን ክፍት ረስተውት ነው መሰል፣ ከጨርቁ ሥር ቀይ መብራት አየሁ፤ ሰው ሳያይብን ነቀልሁት» አለችኝ። እኔም «ደግ አደረግሽ» አልኋት። ምን ልበል ኖሯል? በዚያ ሁሉ ሽማግሌና ካህን ፊት፣ ሚስቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ስለ ጌም ቢናገር ማን ይረዳው ነበር? እጅሽ በዚህ ዓለም የሠራው የመጨረሻ ሥራ፣ አውራ ጣትሽ ተጭኖ ያቆመው ቦታ፣ አንቺ ልትመለሺበት ቀጥረሽው የሄድሽው በር፣ በአንዲት ደግ ሴት ጥንቃቄ ጠፋ። ያን ጊዜ ድምፅ አውጥቼ አለቀስሁ፤ ሰዎቹም አይዞዎት አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ያሳለፍሁት ወደዚያ በር ለመመለስ ስሞክር ነው ብልሽ አልተጋነነም። መንገዱን ከአንቺ ጎን ተቀምጬ አጥንቼዋለሁ፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚንከባለል፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሰበር በቃሌ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቀውም። ጠመኔ የለመደ ጣት ለመዝለል ሲታዘዝ ይመታል፣ ለመምታት ሲታዘዝ ይዘልላል። የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ለመጣል ብቻ አንድ ክረምት አልፏል። ጥሩወርቅ እሑድ እሑድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መጀመሪያ «ጋሼ፣ እርስዎም ጀመሩት? የተማረ ሰው! ጎረቤት በመስኮት ቢያይ ምን ይላል?» ትለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ራሷም ወንበሯን አስጠግታ «ኧረ ይዝለሉ! ምን ያፈዝዎታል፣ እዚያ ጋ አለልዎት እኮ!» ማለት ጀመረች፤ ድምፅዋ የአንቺን ድምፅ ስለሚመስል ዞር ብዬ ላለማየት እታገላለሁ።

ባለፈው እሑድ ከሦስቱ ነፍሴ አንዲት ቀርታኝ ከብረቱ በር ፊት ደረስሁ። ችቦዎቹ ይነድዳሉ፤ አንበሳው እንደድሮው አፉን ከፍቷል። አንቺ እንዳደረግሽው ማቆሚያዋን ተጭኜ ጆይስቲኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁ። ጥሩወርቅ «ምን ሆኑ? ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» ስትለኝ፣ «የለም፤ አስካለ የደረሰችው እዚህ ድረስ ነበር» አልኋት። በእጇ የነቀለችው ይህን መሆኑን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኋት፤ ከእንግዲህም አልነግራትም። ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና «ታዲያ ይግቡላታ!» አለችኝ።

ገባሁ፣ አስካለ። ምነው ባልገባሁ! ከብረቱ በር ወዲያ ሚኒስትሩ የሉም። ያለው ረጅም መተላለፊያ ነው፤ ከመተላለፊያው ወዲያ ሌላ በር አለ፤ ያም ሲከፈት ደረጃ፣ ከደረጃውም በላይ አንቺም እኔም ከቶ አይተነው የማናውቅ ሰፊ አገር፣ ወንዝና ከተማ፣ በሩቁም ሌላ ምሽግ ይታያል። ሰውዬዬ ከወንዙ ሳይደርስ ወደቀና ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ጫካ መለሰኝ። አንቺ ብትኖሪ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ» ብለሽ ትስቂ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። እስካሁን ያዘንሁልሽ ስላልከፈትሻት ስለ አንዲት በር ነበር፤ ለካስ ያልሄድሽው መንገድ ከሄድሽው ይበልጥ ኖሯል።

ጥሩወርቅ ዓይኗን እንደ ሸፈነች ስለነበረች ያየሁትን አላየችም፤ ቴሌቪዥኑን ሳጠፋው ቀና ብላ «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኋት።

«አንዲት በር ብቻ ነበር የቀራት ማለት ነው፤ አይ እህቴ!» ብላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ውስጥ ግን አንድ የረካ ነገር ሰማሁ፤ አንቺ አልጋሽ ላይ ሆነሽ የተናገርሽበትን ድምፅ መሰለኝ። ማሽኑን በገዛ እጄ ነቅዬ በጋቢዬ ጠቀለልሁት።

እንግዲህ ከበሩ ወዲያ ያለውን በዚህ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ላንቺ መዋሸት ስለማልችልበት ነገርሁሽ እንጂ፣ ለሌላ ለማንም አልናገረውም። አዲሱ ቤት ግድግዳው ላይ ሶኬት እንዳለው አይቻለሁ፤ ወደዚያ ወንዝ እመለስ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ጣቶቼ ደክመዋል፣ አገሩም ሰፊ ነው። የማውቀውና ቃል የምገባልሽ ይህን ነው፦ በአልጋ ላይ ደክመሽ የተኛሽውን አላስታውስም፤ በየዓመቱ፣ በየዕለቱም፣ እስትንፋሴ እስኪያልቅ የማስታውሰው ያቺን በችቦዎቹ መካከል ቆማ፣ አውራ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አሳርፋ፣ ሁሉም ነገር ከበሩ ወዲያ እየጠበቃት መሆኑን አምና የምትስቀውን አስካለን ነው።

ባለቤትሽ