የአባቴ ነደባ ላይ የወጣችው መኪና

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ድንጋይ እንድትወጣ ብዬ ስገጣጥማት የከረምኩት የሪሞት መኪና ዛሬ ወጣች። ምነው በቀረብኝ።

ከኤረር በር ውጭ ተሸክሜ ያመጣኋቸውን ድንጋዮች ግቢ ውስጥ ከምሬ ስሞክራት ወሩን ሙሉ ወደ ኋላ ትገለበጥብኝ ነበር። ጠዋት ፈረስ መጋላ ካለ ጎማ ቤት የመኪና ጎማ ባላንስ የሚደረግበትን የእርሳስ ብረት ለምኜ የፊት ጎማዎቿ ውስጥ ለጠፍኩላት፤ ባትሪዋንም ወደ ፊት አመጣሁት። ዝናቡ ግቢውን ጭቃ ስላደረገው፣ እናቴም ገበያ ስለነበረች፣ ድንጋዮቹን ሳሎን አስገብቼ ከላይኛው ነደባ፣ ማለትም ከፍ ካለው የመቀመጫ መደብ ሥር ደረደርኳቸው። መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ድንጋዩን በጎማዋ እየነከሰች ወጣች። አንዴም አልተንሸራተተችም። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ።

የቆመችው ነደባው ላይ፣ አባቴ ይቀመጡበት የነበረው ምንጣፍ ላይ ነው። ከሞቱ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ዞር ስል እናቴ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«አባትህ እግራቸው ከከዳቸው በኋላ ‹ቦታዬ ላይ አውጣኝ› ብለው ስንቴ ለመኑህ?» አለችኝ። «አንተ ከዚችው መኪና ቀና ሳትል ‹ነገ፣ ኢንሻአላህ› ትላቸው ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እውነቷን ነው። አባቴ የሞቱት እታች፣ በሩ አጠገብ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሳወጣ የነደባውን ከፍታ ልብ ብዬ አየሁት። ከጉልበቴ አይደርስም።