የቆረጥነው ጭራ

ሳስካቱን፣ ማርች 14 ቀን 2019

የኔ ዓለም፣ ልጄ ዳርካ፣

ታዝማኒያ ድረስ ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አፌ እንቢ ስላለኝ ነው። አንቺስ እንዴት ከረምሽ? ተማሪዎችሽ አሁንም ያስቸግሩሻል? እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ትናንት የአባትሽ አርባ ወጣ። በረዶው ገና አልቀለጠም። ቄሱ መቃብሩ ላይ ሲጸልዩ ጣቶቼ ደንዝዘው ሻማውን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሴቶቹ ሊጥ ጠቅልለው ፔሮጊ ቀቅለው ነበር፤ ጾም ስለሆነ ያለ አይብ፣ ውስጡ ድንችና ሽንኩርት ብቻ። ጎረቤታችን ሃንካ፣ ታውቂያት የለ፣ «ለቀብሩ ያልመጣች ልጅ ለአርባውም ቀረች?» አትለኝም! «አንቺ ሃንካ፣ ፔሮጊሽን ብይ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጃንዋሪ ላይ፣ አባትሽ ልቡ ደክሞ ሆስፒታል እንደተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የአባትሽን ላብራቶሪ ለሌላ ሰው ስለሚሰጠው ማቀዝቀዣዎቹን ባዶ አድርጉ ተባልን። ሠላሳ አንድ ዓመት ባክቴሪያ ሳሳድግበት የኖርኩት ቤት! ይሁን ብዬ ጓንቴን አድርጌ ገባሁ። ሳራግፍ ያንቺን የብልቃጥ ሳጥን አገኘሁ፤ ከሥሩ ደግሞ የኔ አለ፣ ከአባትሽ ጋር የተጣላችሁበት ዓመት።

ያን ዓመት መቼም አትረሺውም። ያ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ያለው በር፣ ጨው ሲበዛበት እንዳይደርቅ መከላከያውን የሚያስገባለት ፕሮቲን፣ ጫፉ ላይ ቅርጽ የሌለው ጭራ አለው። እኛ ቅርጹን ፎቶ ለማንሳት ፕሮቲኑን ክሪስታል ስናደርገው ስለሚያበላሽብን ቆርጠን እንጥለዋለን። ፎቶው ላይም አይወጣም፤ መቼ አርፎ ይቀመጥና! አንቺ ደግሞ ተነስተሽ፣ ጨዉ ሲቀንስ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው አልሽ።

«ቅርጽ የሌለው ነገር ምን ሥራ ይሠራል?» አለሽ አባትሽ።

«አባዬ፣ አንተ ስላላየኸው የለም ማለት ነው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆርጠው በሩ ምንም አልሆነም!»

«ሲዘጋ መች አይተኸው ታውቃለህ? አንተ የምታየው ሲከፈት ብቻ ነው!»

እኔ ከጀርባችሁ ጠርሙስ እያጠብኩ በልቤ እስቅ ነበር፤ ሁለት ግትሮች። ከዚያ ወደኔ ዞረና «ማሩስያ፣ አንቺ ድገሚው። የሷን ሳጥን ሳትነኪ ከራሳችን ወስደሽ ሥሪ። ያንቺን እጅ አምናለሁ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ጭራ ያለውም የሌለውም አንድ ሆነብኝ፤ ጨዉን ብቀንስም በሩ አልዘጋ አለ። እሱም በምሳ ላይ፣ እኔው ባቀረብኩት ሾርባ ፊት፣ «ላብራቶሪዬ ውስጥ ቁጥር የሚፈጥር ሰው አላኖርም» አለሽ። ማንኪያሽን አስቀምጠሽ ወጣሽ። እሱ ጭራው ከንቱ ነው ብሎ አሳተመ፤ አንቺ ደግሞ ምርምሩን እርግፍ አድርገሽ ተውሽ።

ዳርካ፣ የተሳሳተው የኔ ብልቃጥ ነው። ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፤ ጭራው የተቆረጠውን ሁልጊዜ ስሙን ብቻ ነበር የምንጽፍበት። ለኛ ፕሮቲኑ ማለት እሱ ነበራ! እኔ ደግሞ ልማዱን ረስቼ ስሙ ብቻ የተጻፈበትን ብልቃጥ ጭራ ያለው ሙሉው ይሆናል ብዬ አነሳሁት። የተቆረጠውን ከተቆረጠ ጋር ሳወዳድር ነው የከረምኩት። ጃንዋሪ ላይ የሁለቱን ብልቃጦቼን ጽሑፍ አይቼ ጠረጠርኩና ለምርመራ ላክኋቸው፤ አንዳቸውም ጭራ የላቸውም። ያንቺን ሳጥን ከፍቼ ሙሉውን አወጣሁና አራት ቀን ብቻዬን ሠራሁ። ጨዉን ስቀንስበት በሩ ጥርቅም አለ። የውጤቱን ወረቀት ከስድስት ዓመት በፊት አንቺ ካወጣሽው ጎን ሳስቀምጠው አንድ ሆኑ፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ዕለት ሆስፒታል ሄጄ «ኦስታፕ፣ ልጅቷ ልክ ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ያቺ ግትር!» አለ። «ማንን መስላ!» አልኩት። ሳቁ ለቅሶ ሆነ። አርባ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «ያንቺስ የእጅ ስህተት ነው፤ እኔ ነኝ ልጄን ከብልቃጥ ያሳነስኳት» አለ።

ሐሙስ ለመጽሔቱ የሚላከውን እርማት እየተነፈሰ እያረፈ ነገረኝና ጻፍኩለት። ዓርብ ፈረመ። ስምሽ ከስሙ በፊት ነው፣ እንዲያ ይሁን ያለው ራሱ ነው። አንዱን ቅጂ እዚህ ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ዋናውን ዛሬ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። ፊርማው የሱ አይመስልም፣ ተኝቶ ነው የፈረመው።

አሁን አፌ እንቢ ያለኝን ልንገርሽ። የዚያን ማክሰኞ፣ እንባውን ሳይጠርግ፣ «ደውይላት፤ ይቅርታ ልበላት» አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስልኩን አውጥቼ ስምሽን አየሁት። እሱን ከተውሽ ወዲህ እሁድ እሁድ ለኔ መደወል አንድም ቀን አላስቀረሽም፤ «ማማ፣ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ትይኝ ነበር። ያሳጣሽ የኔ እጅ መሆኑን ስትሰሚ እኔንም እንደሱ ትተይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አፈር ልሁን፣ ፈራሁ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩና «አላነሳችም» አልኩት።

ረቡዕ «ሥራ ላይ ሆና ይሆናል፣ እስቲ እንደገና ሞክሪ» አለኝ። ወጥቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ ተመለስኩ። ሐሙስም እንደዚያው። ዓርብ ከፈረመ በኋላ በሩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እጄን ያዘኝና «አትፍረጂባት ማሩስያ፤ እኔም ብሆን አላነሳም» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት አረፈ።

ስልክሽን አታገላብጪ፣ ልጄ። አልደወልኩም፤ አንድ ጊዜም። አባትሽ የሞተው አንቺ እንቢ እንዳልሽው እያሰበ ነው፤ እንደዚያ እንዲያስብ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በምን አፌ! አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ ሳይፈራሽ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ፣
ማሩስያ