የእማሆይ ጥጥ በቁንጅና መድረክ

ጥቅምት 15፣ 2003 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ 11 ሰዓት

ጉበኑ ዛሬም መታኝ። ያው ቦታ፣ ያው ግንባር። ከሉማሜ መጥቼ እማሆይ ቤት መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መግባት ግን እንቢ አለኝ። እማሆይ ከውስጥ ሆነው በሬን አታፍርሽብኝ አሉ። ስለ ግንባሬ የጠየቀ የለም።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትሳቅብኝ። ለቁንጅና ውድድር ተመዘገብኩ። ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የከተማው አዳራሽ።

ሰብለ ጎትታኝ ነው ልልህ ነበር፤ ውሸት። ሰብለ ኮሌጅ አብራኝ የምትማር ናት፤ ቆንጆ መሆኗን ሰው ሳይነግራት ውላ አታድርም። እሷ ልትመዘገብ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝ። ቀና እንዳለ ቆየ። ልትወዳደሪ ነው ወይስ አምፖል ልትቀይሪልን አለ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስሜን ጻፍ አልኩት። ትርንጎ።

ለምን? ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የስልክ እንጨት ስባል ኖሬያለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ግን መንገድ ላይ፣ ሳልፈልግ። አንድ ቀን እንኳ እዩኝ ብዬ ቆሜ ብታይ ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የዘንድሮው ደንብ ጉድ ነው። ያወጡት የባዮሎጂ መምህራችን መ/ር ይርጋ ናቸው፤ ዳኛም ናቸው። ልብሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዚሁ አገር የተሠራ ይሁን፤ ናይለን የለም፣ የፋብሪካ ክር የለም። መድረክ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ማን ሠራው? ሲያረጅስ የት ይገባል? አፈር የማይበላው ልብስ በእኔ ፊት አያልፍም ብለዋል።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

ክር ተገኘ። ሐዘንም አብሮ ተገኘ።

እማሆይ የአባቴ እህት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱ። ከክረምት ጀምሮ እንዝርቱን ከእጃቸው አላወረዱም፤ ጋቢ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠየቅኳቸው። መግነዜ ነው አሉ። የሚቀበሩበት! በሰው ክር ተጠቅልዬ እግዜር ፊት አልቀርብም አሉ። ምንም አላመማቸውም። ግን ባለፈው ወር ትልቁን ድስት ለጎረቤት ሰጡ፤ ትናንት ጃንጥላቸውን። ይኸ ተሸምኖ ካለቀ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም ይላሉ፤ ጓዙን አስሮ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ።

አልወደድኩትም። በጭራሽ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጄ የሚለኝ ሰው እሳቸው ናቸው። እንባዬን እንዳያዩ ተነስቼ ወጣሁ። ስወጣ ጉበኑ።

ተመልሼ የውድድሩን ነገር ነገርኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ፦ ክንድሽ ይሸፈናል? ይሸፈናል። እንግዲያው ልቃቂቱ ለሁለታችንም ይበቃል አሉ። ክሩን እኩል ከፈሉት፤ ግማሹ ለመቃብር፣ ግማሹ ለመድረክ።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ሁለቱንም በአንድ ማዳበሪያ አድርጌ ሸማኔው አያ ደጉ ዘንድ ወሰድኩ። (ማዳበሪያው ናይለን ነው። መ/ር ይርጋ እንዳይሰሙ።) አያ ደጉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሲሸምኑ አገኘኋቸው። ትእዛዝ፦ የእማሆይ ነጭ፣ ጥለት የሌለው። የእኔ ቢጫ ጥለት ያለው።

ቁመቴን በክንዳቸው ለኩ። ወገቤ ላይ ሲደርሱ ዐረፉ። ትከሻዬ ላይ ሲደርሱ እመቤቴን ጠሩ። ከዚያ መጀመሪያ የእማሆይን ልሥራ አሉ፤ ሞት ቀጠሮ የለውም። የለውማ! ቀጠሮ ያለኝ እኔ ነኝ፣ የእኔ ይቅደም ብዬ ለመንኩ። እሽ፣ በሳምንት አሉኝ።

በሳምንት! ገና ብዙ ቀን ይተርፈኛል።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

ገብርኤል ነው። አያ ደጉ አይሠሩም።

ጥቅምት 20

ቅዳሜ ሰንበት። አይሠሩም።

ጥቅምት 21

እሑድ ነው፤ ማርያምም ናት። ሁለት ጊዜ አይሠሩም።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

ትናንት ድሩን አዳውረው ለሽመና አሰናድተዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ዛሬ በጠዋት ሄድኩ። ጊዮርጊስ።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

የጥለቱን ክር ከቆላ በመጣ እርድ ቀቅዬ አቀለምኩ። ክሩ አማረ። እጄም አማረ። እስከ ክርኔ ቢጫ ነኝ፤ በሳሙና አይለቅም፣ በእንዶድ አይለቅም። ክፍል ውስጥ ሰብለ ወንበሯን አራቀች። የወፍ በሽታ ይዟታል ብላ ለክፍል አለቃው ተናገረች፤ አለቃው ወደ ክሊኒክ ላከኝ። ነርሷ ዓይኔን ገልጣ አየች፣ ምላሴን አየች፣ እጄን አሸተተች። ወጥ ስትሠሪ ነው የመጣሽው አለችኝ።

አያ ደጉ ክሩን ተቀብለው አደነቁ። ነገና ከነገ ወዲያ ይሥሩልኝ አልኳቸው። ነገ አዎ አሉ። ከነገ ወዲያ መድኃኔዓለም።

ኅዳር 1፣ ረቡዕ

ልደታ። በጣቴ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ክሩን ከሰጠሁ ወዲህ የሠሩት አምስት ቀን ነው። መድኃኔዓለም፣ እሑድ፣ በዓለ ወልድ በተከታታይ! ሰኞን ለሥራ የፈጠረ አምላክ ሰኞን በዓለ ወልድ አደረገብኝ።

ዛሬ ተናድጄ አንድ ቀን ብቻ ቢሽሩ ምን ይሆናል አልኳቸው። ቀስ ብለው አዩኝ። በበዓል የተወረወረ መወርወሪያ ድር ይበጥሳል አሉ። እማሆይ ዘንድ ሄጄ ከሰስኳቸው። ልክ ናቸው አሉ። ሸማኔና መነኩሲት አንድ ላይ ሲቆሙብህ ሰማይ ቤትም ይግባኝ የለም።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ቁስቋም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ተገኘ!!

አያ ደጉ የሉም፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ናቸው (አርባዕቱ እንስሳ፤ ይህን በዓል ከእሳቸው ሰማሁ)። ሚስታቸው ያለቀው ይኸ ነው ብለው የታጠፈ ኩታ ሰጡኝ። ገለጥኩት፦ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ። ጥለት የለም! ቀኑ ሲያጥራቸው ጥለቱን ትተውት ነው። ሁለት ሳምንት ቢጫ እጅ ይዤ የዞርኩት በከንቱ። ግን ርዝመቱ! በሕይወቴ ለቁመቴ የተረፈ ጨርቅ አይቼ አላውቅም። ተስፋ ሳልቆርጥ ቤት ገብቼ መቀሱን አነሳሁ።

በተረፈው የእማሆይ ክር በእጄ እየሰፋሁ ነው። እማሆይ አሳይኝ አሉ። ለመድረኩ ቀን አልኳቸው።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

አለቀ። ለበስኩት። ቁርጭምጭሚቴን ሸፈነ! የሰው ቀሚስ ሁሉ እኔ ላይ ጉርድ ይሆን ነበር። መስታወታችን እስከ አንገቴ ብቻ ያሳያል፤ እስከ አንገቴ ግን ቆንጆ ነኝ።

እማሆይ ነገ አብረውኝ ሊመጡ ነው። መቀመጫ አለ ወይስ እንደ ቅዳሴ ይቆማል ብለው ጠየቁ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡30

ደብተሬ፣ ጠፋሁ።

እማሆይ ከቅዳሴ አልተመለሱም። አሁን አያ ደጉ መጥተው ነበር። የታጠፈ ኩታ ይዘው፣ ነጋቸው የኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ዕዳ ይዤ በዓል አልገባም ብለው። ገለጥኩት። ቢጫ ጥለት። የእኔ እርድ።

የእኔን ሊያስቀድሙ ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ ግን ሞት ቀጠሮ የለውም ብለው የእማሆይን አስቀድመዋል። ረቡዕ ያለቀው እሱ ነው። እማሆይ መግነዛቸውን ወደዱት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወደዱት አልኩ። ምን ልበል?

መግነዙን በመቀስ ቆርጬዋለሁ። እጅጌ አውጥቼለታለሁ። ወገቡ ላይ አጥብቤዋለሁ!

አዲሱን ልስፋ? ለዚያኛው ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አሁን የቀረኝ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ልቅር? እዩኝ ብዬ ልቆም የነበረው ዛሬ ነው። ልንገራቸው? ክረምቱን ሙሉ የፈተሉትን? መቋሚያቸው ደጃፍ ላይ ይሰማኛል። መጡ።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት

አልነገርኳቸውም። አብረን ሄድን። ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ።

አሥራ አንድ ነበርን። መ/ር ይርጋ ክብሪት ይዘው ከየቀሚሱ ጫፍ አንዳንድ ክር እየመዘዙ አቃጠሉ። ጥጥ ከሆነ አመድ፤ ናይለን ከሆነ ተኮማትሮ ዶቃ ይሆናል። የሰብለ ጥለት ዶቃ ሆነ። አዳራሹ ስለሞቀ ነው አለች። ሲያረጅ የት ይገባል ሲሏትም ለሠራተኛችን እሰጠዋለሁ አለች። ከመርጡለ ማርያም የመጣችው ልጅ ከበግ ጠጉር ባና የተሰፋ ካፖርት ለብሳ ላቧ ይንጠባጠባል፤ መልሷ ግን አንጀት ያርሳል፦ እናቴ ሠራችው፣ ሲያረጅ ጥጃችን ይተኛበታል።

ተራዬ ደረሰ። ወጣሁ። የመድረኩ መጋረጃ ዘንግ ግንባሬን መታኝ። ሳቁ። ክሬ ተቃጠለ፤ አመድ። ማን ሠራው? ፈታይዋን ተናገርኩ፣ ሸማኔውን ተናገርኩ። ሲያረጅስ? የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ብስባሽ፣ ስለ ጓሮ አትክልት። ግን እማሆይን አየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው፣ ቀሚሱን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ ደስ ብሏቸው። መዋሸት አቃተኝ።

አያረጅም አልኩ። መጀመሪያውኑ የተፈተለው አፈር እንዲገባ ነው። የእማሆይ መግነዝ ነው፤ ተሳስቼ ቆረጥኩት።

  መ/ር ይርጋ የቀሚሴን ጫፍ ይዘው ነበር፤ ለቀቁትና አማተቡ። እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ። ልጠፋ አስቤ በሩን ፈለግሁ።

«ዙሪ እስቲ ልጀ» አሉ። «ጀርባውን አላየሁትም።»

ዞርኩ።

«ያምራል። እኔን ሲገንዙኝ ማን ያሳየኛል ብየ ነበር።»

አዳራሹ ፈረሰ። እልልታ፣ ሳቅ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እየሳቅሁ። ቆሜ ታየሁ ደብተሬ። ከእግር እስከ ራስ።

ሦስተኛ ወጣሁ። ባለ ባናዋ አንደኛ። ሽልማቱ እቅፍ አበባ ነበር። የፕላስቲክ። መ/ር ይርጋ ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም።

ከእማሆይ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ መቀስ የነካው መግነዝ አይሆንም አሉ። በቃ፣ ይኸው ብቻ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ባለ ጥለቱን ይውሰዱት አልኳቸው።

«አንች ልጅ፣ ልሞት ነው እንጅ ላገባ ነው?»

ኅዳር 13፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ትናንት ሚካኤልን አነገሥን። ባለ ጥለቱን አደገደግሁ። ዛሬ ከኮሌጅ ስመለስ (ጉበኑ፣ አዎ) ቤቱ መሀል አንድ ቁና ጥጥ። ያልተፈለቀቀ፣ ከነፍሬው። እማሆይ አጠገቡ ተቀምጠው ባዶ እንዝርት ይጠርጋሉ።

እንደገና ልጀምር ነው አሉ። ዓይኔም ደክሟል፣ ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም። ከዚያ ጎረቤት ሂጅና ድስቴን አስመልሽልኝ አሉኝ፤ ዓመት ሙሉ ያለ ድስት አይኖርም። ጃንጥላውንም።

ሮጬ ሄድኩ። ድስቱን ራሴ ላይ ደፍቼ ተመለስኩ። ጉበኑ ድስቱን መታው። እኔን አላመመኝም።

ወሰንኩ። ነገ አያ ደጉ ዘንድ እሄዳለሁ። በዓመቱ ክር እናመጣለን፣ አይቸኩሉ እላቸዋለሁ። አንድም በዓል እንዳይሽሩ። ገብርኤልን፣ ጊዮርጊስን፣ ቁስቋምን፣ አርባዕቱ እንስሳን። የረሱት ቅዱስ ካለም ከእማሆይ ጠይቄ በወረቀት ጽፌ እወስድላቸዋለሁ።

እማሆይ ጥጡን ፈልቅቂልኝ እያሉ ነው። እሽ ብያለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምፈለቅቀው። አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና አንድ ፍሬ…