ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ

አዳማ፣ ጥቅምት ፮ ቅዳሜ፣ ከባቡሩ በኋላ

ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ እንጀራው ተዘጋጅቷል፣ ባቡሩም እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጣ። ባቡሩ ውሃ እስኪቀዳ መንገደኛው ይበላል። አንድ ዓረብ ተምር ሰጠኝ፤ ማር ማር ይላል። ዓለም በባቡር ደጄ ድረስ ትመጣለች፤ እኔ ግን ከሞጆ ወዲያ አላውቅም።

ደብተሬ፣ ዛሬ የምነግርሽ ግን የተምር ወሬ አይደለም። ምግብ ቤቱ የእኔና የአዴ ፋጡማ መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም። ስለዚህ ሁለት ድስት። መንገደኛ ሽሮ አይልም፣ ሥጋ ይላል፤ የሌላውን እርድ ደግሞ አንዱም አይቀምስም። ጭልፋ እንዳናምታታ በእሷው ጭልፋ ላይ ቀይ ክር አስረናል። ዛሬ ባቡሩ ሲጮህ ተጣድፌ በቀይ ክሩ ጭልፋ ከእኔ ዶሮ ወጥ ጨለፍኩ። መልሼም ጭልፋውን የእሷ ድስት ውስጥ ከተትኩት። ስህተቴን አየሁት። ዝም አልኩ። ሁለት እስላም ነጋዴዎች ከዚያው ድስት ሲበሉ እያየሁ ዝም አልኩ።

አዴ ፋጡማ በፍየል ወጧ ውስጥ የዶሮ ክንፍ አገኘች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አቀረቀርኩ። ወጡን ሜዳ ላይ ደፍታ፣ ባዶ ድስቷን አንጠልጥላ ሄደች።

ጥቅምት ፯ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ደጇን አንኳኳሁ። አልከፈተችም። አምስት ዓመት አብረን ሠርተን! ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። አጎቴ ጋሼ ደምሴ ቆዳ ሊገዛ ነገ ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ ቤት ተቀምጠሽ ከምትተክዢ ተከተይኝ አለኝ። እሄዳለሁ።

ሞጆ፣ ጥቅምት ፰ ሰኞ

እኔም በተራዬ መንገደኛ ሆንኩ። ባቡር ውስጥ ሆነው ሲያዩት ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ያሳዝናል። አንድ አርመን ከቆርቆሮ ሰርዲን አወጣና ጋበዘኝ። ሽታው! ጋሼ ደምሴ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ።

መቂ፣ ጥቅምት ፲ ረቡዕ፣ ማታ

ትናንት አዋሽን በበቅሎ ተሻገርን፤ ወገቤ የእኔ አይደለም። ዛሬ የሚያሳድሩን የኦሮሞ እናት ጩኮ አቀረቡልኝ፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ረቡዕ ነው፣ ጾም። እንዴት ልብላላቸው? አፍሬ ነገርኳቸው። አልተቀየሙም፤ በቅጠል ጠቅልለው ለነገ ብለው ቋጠሩልኝ። የአዴ ፋጡማ አክስት ይመስላሉ። ወይ እሷን ከልቤ ማውጣት!

ዝዋይ፣ ጥቅምት ፲፩ ሐሙስ

ጩኮውን በቅሎ ላይ ሆኜ ጨረስኩት። ደብተሬ፣ እንዲህ ያለ ነገር እያለ እኔ የት ነበርኩ?

ከሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ በፍም ይጠብሳሉ። ደገኛ ዘመዶቼ ዓሣ የድሃ ምግብ ነው ይላሉ፣ እኔም እንዲሁ። ራበኝና በሁለት ጣት ቆነጠርኩ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ። ደገምኩ። ሠለስኩ። እሾኩን እየለቀምኩ ቀና ስል ምን አየሁ? አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረው አጥማጅና አንድ ኮፍያ ያደረገ እስላም ቆዳ ነጋዴ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ነጋዴውን፣ እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ጠየቅኩት።

«ዓሣን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም» አለኝ፣ ጉርሻውን ሳያቋርጥ።

እጄ ላይ ያለው ዓሣ ቀዘቀዘ። ባቡር ሙሉ ሰው የሚያበላ አንድ ድስት አሰብኩ። በጨው ታሽቶ የደረቀ የዓሣ ቋንጣ አንድ ስልቻ ገዛሁ፤ አደራረቁንም አሳዩኝ። ጋሼ ደምሴ በቅሎዋ ታዝንብሻለች አለኝ።

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፭ ሰኞ

ገባን። ስልቻው ጓሮ ነው። የጎረቤት ድመት ሁሉ ወዳጄ ሆናለች።

ደስታዬ ግን ግማሽ ነው። ዓሣው ምግብ ቤቱን ይመልስ ይሆናል፤ ፋጡማንስ?

ጥቅምት ፲፰ ሐሙስ

ከገበያ አዲስ ሸክላ ድስት ገዛሁ፣ ሥጋ ያልነካው። የዓሣ ቋንጣ ወጥ ሠርቼ ተሸክሜው ደጇ ሄድኩ። ከፈተች። ድስቱን እንዳየች ፊቷን አዞረች።

ወጡን አላስቀደምኩም። መሬት መሬት እያየሁ፣ ጭልፋውን ያኔውኑ እንዳየሁትና ባቡሩ ይሄድብናል ብዬ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት።

«ጭልፋ ይሳሳታል፣ አስካለ» አለችኝ። «እኔ ያዘንኩት አንቺ አይተሽ ዝም ስላልሽ ነው። እነዚያ ሰዎች አምነውኝ ነው የበሉት።»

አለቀስኩ። እውነቷን ነው። ከእንግዲህ ካጠፋሁ፣ ባቡሩ ጥሎን ይሂድ እንጂ እዚያው እነግርሻለሁ አልኳት። ድስቱን ከፍታ አሸተተች፤ «ቁርጡሚ» አለች፣ ዓሣ ማለቷ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ከአዋሽ ያመጣላት ነበር ለካ። ቀመሰች። በርበሬ በዝቷል አለች።

በርበሬ በዝቷል ካለች ታርቀናል።

ጥቅምት ፳ ቅዳሜ፣ ጧት

ሥጋውን ትተነዋል፤ በድስቱ ያለው ዓሣ ብቻ ነው። ቀይ ክሩን ፈትታ ፀጉሯን አሰረችበት። የድሮዎቹን ጭልፋዎች እሳት ውስጥ ጨመርናቸው፤ አዲሱ አንድ ነው። ሰው ይበላልን አይበላልን አላውቅም፣ ሆዴ ግን ቀልሎኛል።

ባቡሩ ጮኸ። ዛሬ ሳይዘገይ! አዴ ፋጡማ ጭልፋው የት ነው እያለች ትጣራለች፤ እኔው ጋ ነው፣ በአንድ እጄ ይዤው ነው የምጽፈው።