መመርመሪያዎቹን አቀያይረው ደግመው ይለኩ የነበሩት አክስታችን

አክስታችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በትጋት ተከታትለው በ1971 ዓ.ም. በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት በአንድ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከፋርማሲስቱ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ወጥተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ጉልበት የተጫነበት የአቶም አስኳል ጉልበቱን በጋማ ጨረር አውጥቶ እስኪረጋጋ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ላነሰ ጊዜ ነው። አክስታችን የሚለኩት ያን ዕድሜ ነበር። አንዱ የጨረር መመርመሪያ ሰዓቱን ያስጀምራል፣ ሌላው ያስቆማል። መሣሪያዎቹና ሽቦዎቻቸው ግን የየራሳቸው መዘግየት ስላላቸው፣ እሳቸው ሁለቱን አቀያይረው ደግመው ሳይለኩ ቁጥር ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ባልደረቦቻቸው «እትዬ እንደገና» ይሏቸዋል፤ ሻይ እንኳ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን አዙረው ነው የሚቀበሉት እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

በ1989 ዓ.ም. የክፍሉ ኃላፊ ለእንግዶች የሚያሳዩት ነገር ቸግሯቸው፣ መመርመሪያዎቹ ሳይቀያየሩ የተገኘውን የአንድ አስኳል ዕድሜ ቁጥር ይፋ አደረጉ። «ጨረሩን አታምኚውም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ጨረሩንስ አምነዋለሁ፤ የማላምነው ሽቦውንና የእርስዎን ጥድፊያ ነው» ብለው ስማቸው ከውጤቱ ጋር እንዳይወጣ ከለከሉ። ለዚህ ድፍረታቸው ከመለኪያ ክፍሉ ተባርረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዕቃ ማከማቻ ጠባቂ ተደረጉ። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች አቀያይረው ሲለኩ የአስኳሉ ዕድሜ የተባለውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ያን ጊዜም ተሳስተናል የሚል አንድ አፍ ጠፋ።

ተቋሙ ዛሬ በቀብራቸው ላይ «በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ማከማቻው ተዛወሩ» ተብሎ እንዲነበብ ጠይቆናል። አናነብም። ሙት አይናገርም ተብሎ ታስቦ ከሆነ፣ ሙት ዘመድ አለው።

አክስታችን በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳሉ፣ ሊጠይቋቸው የመጡ የቀድሞ ባልደረባቸው ያ የተሳሳተ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ አሁንም በተቋሙ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ እንዳለ ነገሯቸው። «እንግዲያው እኔ ልቀድመው ነው» አሉ። ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለሚወዷቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል የተቋሙ ቁልፍ በኪሱ ያለ ሰው አለ። ለቤተሰቡ «እግዜር ያጽናችሁ» ከማለቱ በፊት ሄዶ ያን ቁጥር ከግድግዳው ያውርደው።